የበገናው ድምፅ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በገና እንደረድራለን። ከምዕራብ አፍሪካ የኮራ፣ ከአየርላንድ የሃርፕ ተጫዋቾች ጋር በዙም ኮንሰርት ልናቀርብ ነው። በሙከራው ግን ንግግራችን ጥርት ብሎ ሲሰማ በገናው እየተቆራረጠ ይጠፋል። ኔትዎርኩ ይሆን?

መልስ፦ ንግግራችሁ ጥርት ካለ ኔትዎርኩን ተዉትና ዙሙን ጠርጥሩ። የበገናን ግርማ የሚሰጠው ያ ንዝረት የሚመጣው አውታሮቹን በሚደግፈው እንጨት፣ በብርኩማውና በጅማቱ (በአውታሩ) መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ዙም ደግሞ ንግግር ለማጥራት የተሠራ ስለሆነ ንዝረቱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ የበገና ድምፅ ወፍራም በመሆኑ በትንሽ የስልክ ስፒከር የሚሰማው በአብዛኛው ይኸው ንዝረት ነው። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን «ኦሪጅናል ሳውንድ» ክፈቱ፤ ስብሰባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላም መከፈቱን አረጋግጡ። ይህ ሲከፈት ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ወደ ማይኩ ተመልሶ እንዳይገባ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ማይኩን ከገበቴው (ከበገናው የድምፅ ሳጥን) 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት።

የደሴ ብርድና እርጥበት ጅማቱን ስለሚለውጠው በገናውን ከግማሽ ሰዓት በፊት ክፍሉ ውስጥ አስገቡና 10ሩንም አውታሮች እዚያው ቃኙ። ከባለ 21 አውታሩ ኮራ ጋር በቀጥታ አብሮ መደርደር አይሞከር። ድምፁ ስለሚዘገይ ምቱ ይፋለሳል፤ በየተራ ተጫወቱ።