ቮልስ ያለ ወለሏ እንዴት ትቆማለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የተዉልኝ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ከሾፌሩ እግር ስር መሬቱ ይታያል። ወለሉን ለመቀየር ቦዲውን ከሻንሲው ላይ ማንሣት ግድ ነው አሉኝ። የምሠራው አዳማ፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በምጋራው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቦዲው ሲያስፈልግ ተገፍቶ ዞር የሚል መሆን አለበት። ጎረቤቴ በብሎኬት ላይ አስቀምጠው ይለኛል። ባለ ጎማ ጋሪ እንዴት ላሠራ? ብረቱስ ምን ያህል ይወፍር?

መልስ፦ ግድ እንኳን አይደለም፤ ቦዲው ላዩ ላይ እያለ ወለል የሚቀይሩ አሉ። ቢሆንም በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ ከመበየድ ማንሣቱ ስለሚሻል ሐሳብህን አልቃወምም። ጎረቤትህን ግን አትስማው። ብሎኬት ቀጥ ብሎ የተጫነውን ይችላል፤ ጎኑን ገፋ ሲያደርጉት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከስሩ የምትገባው ደግሞ አንተ ነህ፣ ጎረቤትህ አይደለም።

ወደ ጋሪው ከመሄዳችን በፊት አንድ ካካቢቴ ያዝ። በሁለቱም በሮች ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ባዶ የላሜራ ሣጥን አለ፤ የሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው። ቦዲው ወገቡን የሚይዘውም በዚሁ ሣጥን ነው። ከታች በኩል በካካቢቴው ጫፍ እየወጋህ ሂድ። ካልገባልህ እሰየው። ከገባ፣ የወለሉም ጠርዝ ገና ደህና ከሆነ፣ ጋሪው ይቆይና ሣጥኑን ቦዲው በሻንሲው ላይ እንደታሰረ ቀይር። የሻንሲው ቀዳዳዎች መለኪያ ይሆኑሃል። ጋሪ ላይ የተበየደ ሣጥን ወደ ሻንሲው ሲመለስ ቀዳዳው ከቀዳዳ አልገጥም ብሎ ያስለቅስሃል።

ቀጥሎ የበሩ ነገር አለ። የመጀመሪያዬን ቮልስ ያነሣሁት በ1988 ዓ.ም. ነበር። በሮቹን አወለቅሁ፣ ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ ስድስት ሆነን አንሥተን በአራት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥነው። ሦስት ወር ቆየ። መልሰን አስረን በሮቹን ስሰቅል የግራው በር ከላይ ጣት ያስገባል፣ ከታች ደግሞ ቀለሙን ይፍቃል። ባቲላሜራው አየት አደረገና ‹‹ወገቧ ተቀጭቷል›› አለኝ። እሱን ለማቅናት የወጣው ጊዜ ሌላ ቮልስ ያሠራ ነበር።

ስለዚህ አንድም ቡሎን ሳትፈታ የበሩን ክፍተት ከላይኛው የፊት ማዕዘን እስከ ታችኛው የኋላ ማዕዘን በሜትር ለካ፤ ሌላውንም ማዕዘን እንዲሁ። ቁጥሩን መቃኑ ላይ በእርሳስ ጻፈው፤ ወረቀት ይጠፋል። ከዚያ በሩን አውልቀህ 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ቁረጥ፣ ጫፎቹ ላይ ጠፍጣፋ ብረት በይድና በማጠፊያው ቀዳዳዎችና ከወዲያ ማዶ በቁልፉ መያዣ ቀዳዳዎች እሰረው። ቦዲውን ሳትበይድ የበሩ ክፍተት ታሰረልህ ማለት ነው። ከግራ ወደ ቀኝም አንድ አግዳሚ ቱቦላሬ ይግባ።

ጋሪው ራሱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። 50 በ50 ሚሊ ሜትር ሆኖ የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል፤ የምትጭነው ባዶ ቦዲ እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ልክ በሣጥኖቹ ስር ይሂዱ፤ ሦስት አግዳሚዎች ያያይዟቸው። ልኩን ከእኔ አትጠብቅ፣ ከመኪናህ ውሰድ። ቦዲውን ከሻንሲው ጋር ያሰሩት የ13 ቁልፍ ቡሎኖች በሚገቡበት ቀዳዳ በየጎኑ አራት አራት ቡሎን አስገብተህ ከጋሪው ጋር እሰረው። በመካከሉ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አንጥፍ። አፍንጫው ወደ ፊት ስለሚንጠለጠል፣ ከፊት አክስሉ ይታሰርበት በነበረው ቦታ ስር አንድ ቋሚ አቁምለት። ከፍታው በዱካ ተቀምጠህ የምትሠራበት ይሁን፤ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ ካደረግኸው ሲገፋ ይወዛወዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማው ላይ ነው። የሱቅ ጋሪ ጎማ የመሰለችው ትንሿ በኮብልስቶን መካከል ትሰነቀርና ጋሪው ባለበት ይቀራል። ጎማዎቹ ዲያሜትራቸው 150 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አራቱም የሚዞሩ፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን አንዱ ጎማ አየር ላይ ስለሚቀር ሦስቱ ብቻ ሙሉውን ክብደት መቻል አለባቸው። መርካቶ ብትመጣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ታገኛለህ፤ ኩሽኔታውን ሳታሽከረክር አትክፈል።

በመጨረሻ ሞተሩን አውርድ፤ የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ባትሪውንና የነዳጅ ታንከሩን አውጣ፤ የፊቶቹን የ17 ቁልፍ ቡሎኖች የምታገኘው ታንከሩ ሲነሣ ነው። መሪውን፣ የፍጥነት መለኪያውን ገመድና የፍሬን ዘይት መስመሩን አላቅቅ። ሰዎቹ ቦዲውን እንደያዙ ሻንሲው ከስር ይጎተት፤ ጋሪው በቦታው ይግባ። የመቃኑን ቁጥር ያን ጊዜ ደግመህ ለካ፤ ከተለወጠ ከጋሪው ጋር የሚያስረውን ቡሎን አታጥብቅ፣ ከስሩ እየሞላህ አስተካክል።

ጥያቄ፦ የብየዳ ማሽን የለኝም። ጋሪውን በባሕር ዛፍ ብሠራውስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ በእንጨት ይሠራል፤ እኔም ሠርቻለሁ። ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ቦዲውንም ይዞት ይሄዳል። ደረቅ ጽድ ካገኘህ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርገህ በቡሎን እንጂ በምስማር አትግጠመው። በየሳምንቱ ዳዶውን አጥብቅ።