አብርሃ በድንጋዩ ላይ ያልጻፈው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ የጥንት የድንጋይ ጽሑፍ ቁርኣንን ለመረዳት ምን ይጠቅማል?» አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

የወሎ ልጅ ነው። ሸሆች ዘንድ ኪታብ የቀራ፣ አረብኛው የማይታማ። ግዕዝ ከእኛ ጋር ጀመረ። የጥንቷ የመን የሳባ ፊደል ከግዕዝ ጋር ስለሚዛመድ እሱም ቶሎ ገባው። ማታ ማታ የመን ውስጥ ማሪብ ላይ ያለውን የአብርሃን የድንጋይ ጽሑፍ ያነብልን ነበር። አብርሃ ከአክሱም ጦር ጋር ተሻግሮ የመን ላይ የነገሠው ነው። ጽሑፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ548 ሲሆን 136 መስመር አለው። «በረሕማን (በአዛኙ አምላክ)፣ በመሲሑና በመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዓመፅ፣ የማሪብ ግድብ መፍረስ፣ ወረርሽኝ፣ ጥገና። ከአክሱም ንጉሥ፣ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞችም መጥተዋል።

ጓደኛዬ ሱረቱ ሰበእን፣ የቁርኣኑን የሳባ ምዕራፍ፣ ከጎኑ ይዘረጋል። እዚያ የሳባን አትክልት ያጠፋው የግድብ ጎርፍ ይነገራል። «ቁርኣኑን መጀመሪያ የሰሙት ሰዎች ግድቡን ያውቁታል እኮ! ረሕማን የሚለውንም ስም የመን ውስጥ አይሁዱም ክርስቲያኑም ይጠራው ነበር» ይላል፣ ፊቱ እየበራ።

አንድ ቀን መምህራችን ሙረይጋን የሚባል ቦታ ላይ ያለውን ሌላውን የአብርሃን ጽሑፍ አቀረበ። 552፣ አብርሃ መዓድ በሚባሉ የዐረብ ነገዶች ላይ ስለዘመተው ዘመቻ። ሱረቱል ፊል፣ የቁርኣኑ የዝሆን ምዕራፍ፣ ስለ ዝሆን ባለቤቶች ጥፋት ይናገራል፤ በሙስሊም ትውፊት እነዚህ የመካን ቅዱስ ቤት፣ ካዕባን፣ ሊያፈርስ የመጣው የአብርሃ ጦር ናቸው። ድንጋዩ ላይ ግን ዝሆን የለም፣ መካ የለም። «እንግዲህ የሱረቱል ፊል ታሪክ ተረት ነው» ብሎ ሳቀ። ጓደኛዬ ምንም አላለም። በቀጣዩ ሳምንት ትምህርት ክፍል ቀየረ። ማናችንም ተከትለን አልለመንነውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድንጋዩንም ተፍሲሩንም (የቁርኣኑን ማብራሪያ) አብሮ የሚያነብ ሰው ስንት ዓመት ይፈጃል መሰላችሁ!

ሙረይጋን ላይ ያለው አብርሃ ያሸነፈበት ዘመቻ ነው። የተሸነፈበትን ማን ይቀርጻል? በሙስሊም ታሪክ ደግሞ የዝሆን ዓመት የሚባለው ወደ 570 ገደማ ነው፤ ሌላ ዘመቻ ሊሆን ይችላል። ግን ዛሬ ቲክቶክ ላይ ያንኑ ድንጋይ እያሳዩ «ቁርኣን ተረጋገጠ!» የሚሉትም ከመምህሩ አይሻሉም። ድንጋዩ ስለ ካዕባ ምንም አይልም። የዛሬ ልጆች በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሁሉን መፍረድ ትወዳላችሁ፣ ይህ ያበሽቀኛል።

ስልካችሁን ጣሉ ልል ነበር። ግን እኛ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ስንለምን የኖርንበትን ጽሑፍ እናንተ በእጃችሁ ይዛችሁታል። እንግዲያው ተጠቀሙበት። ግዕዝ ተማሩ፣ ቀጥሎ የሳባን ፊደል። ከማሪብ ጀምሩ። ተፍሲር የቀራ ጓደኛ ካላችሁ አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ሲናገርም አታቋርጡት።