ኮሌጅ ለምትጀምሩ ልጆች፦ እኔን ያስከፈለኝ ዝም ብዬ መቅረቴ ነው

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከቤተሰቧ ጋር በዲቪ አሜሪካ ከመጣች ዓመት ከስድስት ወር ሆኗታል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ፣ ልትመዘገብ ነው፤ ድምጿ ላይ ግን ደስታ የለም። «የት ገባሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ገባኝ። አገር ቤት «ዩኒቨርሲቲ ገባ» እና «ኮሌጅ ገባ» እኩል አይደሉም። ኮሌጅ የገባ ልጅ ውጤት ያልመጣለት ተደርጎ ነው የሚታየው፤ እኛም ያንን ሚዛን ይዘን ነው የመጣነው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

እኔ ነርስ ነኝ። አሜሪካ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፣ ያረፍኩትም ምዕራብ ካንሳስ። ጋርደን ሲቲን፣ ዶጅ ሲቲን፣ ሊበራልን ያየ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል፦ ሜዳ፣ ነፋስ፣ የከብት ማድለቢያ፣ ትልልቅ የስጋ ፋብሪካዎች። ሦስቱም ከተሞች ደግሞ የየራሳቸው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አላቸው። እኔም ስጋ ፋብሪካ ሁለተኛ ሺፍት ገባሁ። ሥራው የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ቢላ እንደያዙ ደርቀው ይቀራሉ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልነከርኳቸው አይዘረጉም ነበር።

በ2001 መኸር ላይ ተመዘገብኩ። አራት ክፍል (ኮርስ)፣ 12 ክሬዲት፣ ማለትም ሙሉ ጊዜ። ማንም አላስገደደኝም፤ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው። ፔል ግራንት፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው ዕርዳታ፣ ወጣልኝ፤ የትምህርቱን ክፍያ ሸፈነና የተረፈው በቼክ ተሰጠኝ። ያን ቼክ ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ። መንግሥት ተማሪ ብሎ ገንዘብ ሰጠኝ! በዚያው ሳምንት ደሴ ላለችው እናቴ ለቤቷ ቆርቆሮ መቀየሪያ ላኩት። አሁንም ቢሆን ለእናቴ በመላኬ አልጸጸትም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በጥቅምት አካባቢ አቃተኝ። መጀመሪያ አንድ ቀን ቀረሁ፣ ከዚያ ሳምንቱን፣ ከዚያ ጭራሽ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። አስተማሪዎቹን ሱፐርማርኬት ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ትንሽ ከተማ ስለሆነ ደግሞ ማየት አይቀርም። በገና ሰሞን ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ። አንዱ ላይ አራት «ኤፍ»። ሌላው ላይ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያኔ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። የፌዴራል ዕርዳታ የሚሰጣችሁ ሴሚስተሩን ትማራላችሁ ተብሎ ነው። ጊዜው 60 በመቶ ሳይሞላ ካቋረጣችሁ፣ ያልተማራችሁበት ድርሻ ተሰልቶ ይመለሳል። ኮሌጁ የበኩሉን ለመንግሥት ይመልስና ሂሳቡን ወደ እናንተ ያዞረዋል። የ16 ሳምንት ሴሚስተር ከሆነ 60 በመቶ ማለት አሥረኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ለማቋረጥ ከተገደዳችሁ ቢሮ ሄዳችሁ በወረቀት አቋርጡ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ፋይናንሻል ኤይድ፣ የኮሌጁ የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮ፣ ገብታችሁ «ዛሬ ባቆም ስንት ይመጣብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። በጊዜው በወረቀት የወጣ ሰው ትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብሊው»፣ ማለትም አቋረጠ፣ ተብሎ ይጻፍለታል። ዝም ብሎ የጠፋው «ኤፍ» ያገኛል። ዕዳው ሳይከፈል ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሰው አይመዘግቧችሁም።

ወደ ክፍያው ልምጣ፣ ሁላችሁም የምትጠይቁት እሱን ስለሆነ። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት በ2024–25 ያወጣው አሃዝ፣ የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ተማሪ በመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በዓመት በአማካይ 4,050 ዶላር እንደሚጠየቅ ያሳያል። የራሱ ስቴት የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ 11,610። በዚያው ዓመት የፔል ግራንት ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጆች ከሆናችሁ ትምህርቱ ተከፍሎ ለመጽሐፍና ለቤንዚን ሊተርፋችሁ ይችላል ማለት ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ማመልከት ይችላል። በተማሪ ቪዛ የመጣ ግን አይችልም። የስቴት ነዋሪነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ቦታ አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃል። ገና የመጣችሁ ከሆነ ሳትመዘገቡ በፊት አጣሩ፣ የዋጋ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የፌዴራል ዕርዳታው ማመልከቻ፣ ሁላችን ፋፍሳ የምንለው፣ ነፃ ነው። እሞላላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ሰው አትክፈሉ። ኮሌጁ ቢሮ ሄዳችሁ ቁጭ ብለው ያስሞሏችኋል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ መሞላት አለበት። ከ24 ዓመት በታች ከሆናችሁና ካላገባችሁ፣ ልጅም ከሌላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ ገቢ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ስንት አባት ሲቆጣ አይቻለሁ። «የኔን ገቢ ምን አደረጋቸው?» ይላል። አባቶች፣ እባካችሁ፣ ልጁ ዕርዳታ የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው። ልጆች ደግሞ አትጣሉ፣ ወረቀቱን አምጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት።

ፔል ዕድሜ ልክ አይሰጥም፤ ሙሉ ጊዜ ለተማረ ሰው ጠቅላላው ስድስት ዓመት ነው። ስለዚህ የምደባ ፈተና ሲሰጣችሁ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ዓይናችሁ እየተከደነ አትቀመጡ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አገር ቤት በደንብ የማውቀውን ሒሳብ ወድቄ ለዲግሪው የማይቆጠር ክፍል ውስጥ ገባሁ። ክፍያ አለው፣ ከፔል ጊዜያችሁም ይበላል፣ ክሬዲቱ ግን አይያዝላችሁም። ሁለት ሳምንት ክፍልፋይና አልጀብራ ከልሳችሁ ሂዱ።

ዕዳዬን በየወሩ ከፍዬ ስጨርስ ሁለት ዓመት አለፈ። በ2004 ጥር ላይ አፒል፣ መልሳችሁ ተቀበሉኝ የሚል ደብዳቤ፣ ጻፍኩ፤ ምን እንደሆንኩና አሁን ምን እንደተለወጠ። ተቀበሉኝ። በዚህኛው ዙር ሁለት ክፍል ብቻ ያዝኩ። ቀድሜ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳትነት ሥልጠና፣ ወስጄ ስለነበር ከፋብሪካው ወጥቼ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብቼ ነበር። ለሲኤንኤ ሥልጠና የፌዴራሉ ዝቅተኛ መስፈርት 75 ሰዓት ነው፣ ስቴቶች ሊጨምሩበት ይችላሉ። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንሳል። ግን ሰዓቱ ለተማሪ ይመቻል፣ ሥራው ራሱም ያስተምራል።

ያኔ ነው ትንሽ ኮሌጅ ምን እንደሆነ የገባኝ። አናቶሚ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው አንሞላም ነበር። አስተማሪዋ ስሜን በሁለተኛው ቀን አጥርታ ጠራችው። የቢሮ ሰዓቷን ሰሌዳ ላይ ጽፋልናለች፤ እኔ ግን አልሄድም። እኛ አገር መምህር ቢሮ የሚኬደው ጥፋት ሲሠራ ነዋ። የመጀመሪያውን ፈተና 58 ሳገኝ ወረቀቴ ላይ «ሐሙስ 3 ሰዓት እጠብቅሻለሁ» ብላ ጻፈች። ሄድኩ። አጥንቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አስረዳችኝ፣ ከዚያ በየሐሙሱ ሄድኩ። ሦስት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ የሚማርበት ቦታ ብሆን ማን ያየኝ ነበር? ቱቶርም (አስጠኚም) ነፃ ነበር፣ ላይብረሪውም መጽሐፉን ለሁለት ሰዓት ያውሳል። 180 ዶላር የሚሸጠውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳልገዛ ጨርሻለሁ።

የሚከብደውም አለ። አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም፤ መኪና ከሌላችሁ ወይ ከሚሄድ ጋር ካልተስማማችሁ የበረዶውን ወቅት አትችሉትም። ክፍል ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሥራው ወይ ወደ ልጁ ይሮጣል፣ ጓደኛ ቶሎ አይገኝም። እኔ አንድ ሜክሲኳዊትና አንዲት የካንሳስ ገበሬ ሚስት ያገኘሁት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በኔ ኩሽና አብረን ስናጠና እንጀራ ለመዱ፣ አሁንም በአውዳመት ይመጣሉ።

በ2009 ጨረስኩ። ሁለት ዓመት የሚባለው ዲግሪ ከ2004 ተቆጥሮ አምስት ዓመት ወሰደብኝ። የነርስነት ፈቃድ ፈተናው፣ ኤንክሌክስ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለወጣውም ከዩኒቨርሲቲ ለወጣውም አንድ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ የተኛ ሰው የት ተማርሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የባችለሩን ዲግሪ በኋላ እየሠራሁ በኦንላይን ጨመርኩት። እናንተም ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል ካሰባችሁ፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ የትኛው ክፍል እንደሚቆጠር ከሁለቱም ትምህርት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ አይሠራም።

ልጅቷ ባለፈው እሁድ ፕሮግራሟን ይዛ ቤቴ መጣች። አራት ክፍል ጽፋለች፣ ሳምንቱን ደግሞ 36 ሰዓት ትሠራለች። ቡና አፍልቼ አብረን ቁጭ ብለን ሰዓቱን በወረቀት አስቀመጥነው፤ እንቅልፍ፣ መንዳት፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጥናት። አልገባም። ኬሚስትሪውን ሰረዘችና ለሰመር አስቀመጠችው። ከሪፈንዷ፣ ከክፍያው ከሚተርፋት ዕርዳታ፣ ላይ ለአያቷ መላክ ትፈልጋለች፤ አሥረኛው ሳምንት እስኪያልፍ ባንክ ይቀመጥ ተባባልን። ከዚያ ስልኳ ላይ የፋይናንሻል ኤይዱን ቢሮ ቁጥር መዘገበች። ማክሰኞ ከሥራ በፊት ትሄዳለች፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።