የግል የአእምሮ ሕክምና፦ የመጀመሪያውን ቀን ሳይሆን ስድስቱን ወር አስቡ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ድረስ ዓይኔ አይከደንም። ልቤን ይመታኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ምግብም አያሰኘኝም። ለጨጓራና ለልብ ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም፤ በመጨረሻ የታየሁበት ሐኪም ወደ አእምሮ ሐኪም እንድሄድ መከረኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ብሄድ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል ብዬ ስለፈራሁ የግል ክሊኒክ መርጫለሁ። እዚያ ምን ይጠብቀኛል? መሥሪያ ቤቴስ ይሰማ ይሆን? እናቴ በበኩሏ ጸበል ይበቃሻል ትለኛለች።

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የመጨረሻው ሐኪም መልካም ምክር ሰጥተዋል። ድብርትና ጭንቀት በአገራችን ብዙ ጊዜ በራስ ማቃጠል፣ በልብ ምትና በጨጓራ ስም ስለሚገለጹ፣ ሰው የምርመራውን ዓይነት ሁሉ አዳርሶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው ትክክለኛውን በር የሚያንኳኳው።

በግል ክሊኒክ የሚከፍሉት በዋናነት ለጊዜና ለጸጥታ ነው። ወረፋው ያጥራል፣ የመጀመሪያው ቆይታም ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። የተሻለ ዕውቀት ይገዛል ብለው ግን አያስቡ፤ ማታ በግል ክሊኒክ የሚያገኟቸው ሐኪም ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉና። (የአማኑኤል ስም ለስድብ መዋሉ የእኛ ጥፋት እንጂ የሆስፒታሉ አይደለም።)

ቀጠሮ ሲይዙ የሚያዩዎት ማን እንደሆኑ ይጠይቁ። ሳይካትሪስት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ የሕክምና ዶክተር ስለሆነ መድኃኒት ያዝዛል፤ ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል እንጂ መድኃኒት አያዝም። የደጁ ሰሌዳ ሁለቱን አደባልቆ ሊጽፋቸው ስለሚችል የባለሙያውን የሥራ ፈቃድ ለማየት አይፈሩ።

በመጀመሪያው ቀን ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትዎ፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም ስላለበት ሰው፣ ስለ ቡና፣ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ፣ ስለ እርግዝና ይጠየቃሉ። ሞትን ተመኝተው ያውቁ እንደሆነም ይጠየቃሉ፤ ይህ የተለመደ ጥያቄ ስለሆነ አይደንግጡ፣ እውነቱንም ይናገሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን የክሊኒክ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ብቻዎንም ሳይሆኑ፣ በዚያው ሰዓት የድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ የእንቅርት እጢ ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ቢያዝ ተገቢ ነው፤ የራስ ሲቲ ስካን አላዘዘም ብለው ግን አይቀየሙ፣ ድብርት በዚያ ምስል አይታይምና።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ የድብርትና የጭንቀት ክኒን ቢታዘዝልዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ሊኖር ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ካልሞላው በደንብ አይታይም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «ገንዘቤን በላ» ብሎ ክሊኒክ የሚቀይር ሰው ሕክምናውን ገና ሳይጀምረው ይተወዋል። ከተሻለዎትም በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ከታዘዘልዎ እስከ መቼ እንደሚወስዱት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲሰነብት ሱስ ያስይዛልና።

እንግዲህ ሂሳብ ሥራዎ ነውና ይህንንም እንደ ሂሳብ ይያዙት፦ የካርዱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የክትትሉን፣ የመድኃኒቱንና፣ የንግግር ሕክምና ከተጨመረ፣ የየሳምንቱን ክፍያ ለስድስት ወር ይደምሩ። የመሥሪያ ቤትዎ የጤና መድን ካለ የአእምሮ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ያንብቡ። ድምሩ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ የግል ሐኪምዎ ምርመራውን ጨርሰው ወደ መንግሥት ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት እንዲልኩዎት መጠየቅ ያስኬዳል፤ ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አጠቃላይ ሆስፒታል በር ላይ የሚያይዎት ሰው ለምን እንደመጡ አያውቅም።

መሥሪያ ቤትን በተመለከተ፣ ሐኪም ያለ ፈቃድዎ ለአሠሪዎ የመናገር መብት የለውም። የሕመም ፈቃድ ካስፈለገዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። የሕመሙ ስም በማስረጃው ላይ ምን ያህል ተዘርዝሮ እንደሚጻፍ ግን ወረቀቱ ላይ ማኅተም ከማረፉ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

እናትዎን አይከራከሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጻረሩ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለእርስዎ ክኒንም ያው ይሠራል። ጸበል የሚጠጡ ወይም የሚጾሙ ከሆነ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒን ሰዓቱ ከጾምዎ ጋር እንዲስማማ ሊያስተካክሉልዎ ይችላሉ። እናትዎም ቢስማሙ በሁለተኛው ቀጠሮ ከእርስዎ ጋር አብረው ይግቡ።