ቢራ ውስጥ መዘፍዘፍ ለቆዳ ይበጃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከእህቴ ጋር ወደ ፕራግ እሄዳለሁ። ወዳጆቻችን የቢራ መታጠቢያውን ሳትሞክሩ እንዳትመለሱ ብለውናል። ማስታወቂያው ለቆዳ ሕመም ፍቱን ነው፣ ቆዳን በቫይታሚን ይመግባል፣ ከሰውነት መርዝ ያወጣል ይላል። ባለቤቴ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም አለበት። ክርኑና ጉልበቱ ላይ ቅርፊት ይወጣበታል። ለዚህም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን ይወስዳል። እኔ ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። እህቴ ደግሞ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ብንገባ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመሄድዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ዋናውን ነገር ላስቀድም። ገንዳው ውስጥ ያለው ቢራ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከገንዳው ጎን ያለው የቢራ ቧንቧ ነው። በተለይ ለባለቤትዎ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። የቢራ መታጠቢያ በመካከለኛው አውሮፓ የተለመደ የስፓ አገልግሎት ነው። በዚህ በይበልጥ የምትታወቀው ቼክ ሪፐብሊክ ናት። በምዕራብ ቦሂሚያ፣ ኾዶቫ ፕላና በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የኾዶቫር ቢራ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የራሱን የቢራ ስፓ ከፈተ። ዛሬ ፕራግ ውስጥም በርካታ አሉ። በኦስትሪያ ቲሮል ያለው የስታርከንበርግ ቢራ ፋብሪካ በአሮጌ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ሰው የሚነከርባቸው ገንዳዎች አሉት። አይስላንድም በ2017 በሰሜን በኩል የራሷን ከፍታለች።

የቢራ ገንዳ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በጠርሙስ ቢራ አይደለም። ሞቅ ያለ ውሃ ነው። ውሃው ላይ ብቅል፣ የቢራ እርሾ፣ ሆፕስ የሚባለው መራራ ተክልና የተወሰነ ቢራ ይጨመራል። ሙቀቱ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሰው በእንጨት ገንዳ ውስጥ 20 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ከዚያ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜ በስንዴ ገለባ አልጋ ላይ ጋደም ይላል። ከገንዳው አጠገብ ቧንቧ አለ። እንግዳው እንደፈለገ እየቀዳ ይጠጣል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። የቢራ እርሾ በቢ ቫይታሚኖች የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው። ጥያቄው ቫይታሚኑ ቆዳዎን አልፎ ይገባል ወይ ነው። የቆዳችን የላይኛው ንብርብር የሞቱ ሴሎች እንደ ጡብ ተደርድረው፣ በመሐላቸው ስብ ተለስኖ የተሠራ ግድግዳ ነው። ሥራው የውጭውን ውጭ፣ የውስጡን ውስጥ ማቆየት ነው። የቢ ቫይታሚኖች በውሃ የሚሟሙ ስለሆኑ ይህን የስብ ልስን በቀላሉ አያልፉም። መጠንም ወሳኝ ነው። በቆዳ ሕክምና በሰፊው የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ። ሞለኪውሉ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ ጤነኛ ቆዳን ማለፍ ይከብደዋል። ቫይታሚን ቢ12 ከ1,300 ዳልተን በላይ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ይህን ግድግዳ ጥሶ አይገባም። ቫይታሚኑን የሚፈልጉት ከሆነ መንገዱ በአፍ ነው፣ በምግብ።

አልኮሉስ? «ገንዳው ውስጥ ሆኜ ልሰክር እችላለሁ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይሰክሩም። ሦስት የዴንማርክ ሐኪሞች ይህን በራሳቸው ላይ ሞክረውታል። እግራቸውን ለሦስት ሰዓት ቮድካ ውስጥ ነክረው ደማቸውን እየቀዱ መረመሩ። አልኮል ደማቸው ውስጥ አልተገኘም። ውጤቱም በ2010 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የገንዳው ቢራ ደግሞ ከቮድካው እጅግ የቀጠነ ነው። ይህ ግን ስለ ጤነኛ የአዋቂ ቆዳ ነው። የሕፃናት ቆዳ ስስ ነው። አልኮል የተነከረ ጨርቅ ሰውነታቸው ላይ ተደርጎ የተመረዙ ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ሕፃን ልጅ እዚህ ገንዳ ውስጥ ቦታ የለውም።

መርዝ ያወጣል የሚለውን ይተዉት። ያ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው።

ታዲያ ከዚህ ገንዳ ወጥተው «ሌላ ሰው ሆንኩ» የሚሉት ሰዎች ይዋሻሉ? በፍጹም። ሞቅ ያለ ውሃ ራሱ ሥራ ይሠራል። የደም ሥር ይሰፋል፣ የተጨመደደ ጡንቻ ይፍታታል፣ ውሃው ክብደትዎን ሲሸከምልዎ መገጣጠሚያ ያርፋል። ለእንቅልፍም ይበጃል። በ2019 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ አለ። ከመኝታ በፊት ባሉት አንድ ወይም ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሞቀ ውሃ መታጠብ፣ እንቅልፍ እስኪወስደን የሚያልፈውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ስልክ የሌለበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ የእንጨቱና የብቅሉ ሽታ፣ አብሮዎት ያለ የሚወዱት ሰው፣ እነዚህም ከጤና ተለይተው አይታዩም። እኔ ሰው ለዚህ ብሎ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ለመድኃኒትነት ብሎ ከሄደ ግን ተስፋ የሚያደርገውን እዚያ አያገኝም።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ሶሪያሲስ የሚነሳው ከቆሻሻ ወይም ከቫይታሚን እጥረት አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ ሲነቃ የቆዳ ሴሎች በጥድፊያ ይራባሉ። ጤነኛ ቆዳ ወር ገደማ የሚፈጅበትን እድሳት ሶሪያሲስ ያለበት ቆዳ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ትርፉ ቅርፊት ሆኖ ይከመራል። ሞቅ ያለ ውሃ ቅርፊቱን ያለሰልሳል። ስለዚህ ከገንዳው ሲወጣ ቆዳው ለስለስ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ለውጥ የውሃው ነው፣ እሱም ለጥቂት ሰዓታት ነው። የሕመሙን መነሻ አይነካውም።

በጣም የምሰጋው ስለ ክኒኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ የሶሪያሲስ ክኒን ሲሉኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሜቶትሬክሴት ነው። እባክዎ ካርቶኑን አውጥተው ስሙን ያንብቡ። እሱ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ሜቶትሬክሴት ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ነው በየጊዜው የደም ምርመራ የሚታዘዝለት። አልኮል ደግሞ ያንኑ ጉበት ይጫናል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ሳያምም፣ ሳይታይ ሊገፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ መጠጣት ሶሪያሲስን ራሱን የሚያባብስባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ለእሱ «እንደፈለግህ ቅዳ» የሚለው ግብዣ አይሆንም። ከቆዳ ሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አንድ ብርጭቆም ባያነሳ እመርጣለሁ። ገንዳው ውስጥ ሆኖ ውሃ ይጠጣ። ክኒኑን ለጉዞው ብሎ እንዳያቋርጥም ይንገሩት።

የገለባው አልጋስ? ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ ለሶሪያሲስ ይህም ነገር ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲቧጠጥ ወይም ሲፋቅ፣ በዚያው በተጎዳው ቦታ ላይ አዲስ ቅርፊት ሊወጣ ይችላል። ኮብነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ነገር ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሚወጋ ገለባ፣ ሸካራ ፎጣ፣ ብቅሉን ቆዳ ላይ ማሸት፣ ሁሉም ይህን ሊያስከትል ይችላል። ወፍራም አንሶላ ይደረብለት፣ ወይም በተራ ወንበር ላይ ይረፍ።

ቆዳው የተሰነጠቀ፣ የሚደማ ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለው ደግሞ በዚያ ሰሞን አይግባ። ያቃጥለዋል፤ ግድግዳው ስለተሰበረም ተህዋስያን መግቢያ ያገኛሉ። ሜቶትሬክሴት የመከላከል አቅምን ዝቅ ስለሚያደርግ ይህ ለእሱ ከሌላው ሰው ይበልጣል።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ይወቁ። ተራ የመዋኛ ገንዳ በክሎሪን ይጠበቃል። ብቅልና እርሾ ያለበት ውሃ ግን ክሎሪኑን ወዲያው ይጨርሰዋል። ስለዚህ መከላከያው አንድ ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ ውሃውን ደፍቶ ገንዳውን ማጠብ። ቦታ ሲይዙ «ለእኛ አዲስ ውሃ ነው የሚሞላው? ገንዳው በምን ይጸዳል?» ብለው ይጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። ውሃ የሚያፈልቅ ጃኩዚ ካለው ቧንቧዎቹም መጽዳታቸውን ይጠይቁ። በደንብ ባልጸዳ የሞቀ ገንዳ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ከታጠቡ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የዋና ልብስ የሸፈነው ቦታ ላይ የሚያሳክኩ ቀያይ ብጉሮች ካዩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ትኩሳት ከተጨመረ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ብዙ ቦታ ከገንዳው ከወጡ በኋላ ለሰዓታት ሰውነትዎን አይለቃለቁ ይላሉ፤ እርሾው እንዲሠራ በሚል። ባለቤትዎ ይህን አይስማ። በለብታ ውሃ ይለቅለቅ፣ በስሱ ፎጣ እየነካካ ያድርቅ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀባ። ለገብስ፣ ለእርሾ ወይም ለሆፕስ አለርጂ ያለበት ሰው ጭራሽ ባይገባ ይሻላል። ሆፕስ ለቃሚዎች እጃቸው ላይ ሽፍታ እንደሚወጣባቸው የታወቀ ነው።

አሁን የእርስዎ ነገር። አምሎዲፒን የደም ሥርን በማስፋት ነው ግፊት የሚያወርደው። ሙቅ ውሃም ያሰፋል። አልኮልም ያሰፋል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ፣ ተቀምጠው እያሉ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ብድግ ሲሉ ግን ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ እርጥብ ወለል ላይ ይወድቃሉ። የዳሌ ስብራት ወይም የጭንቅላት ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ነው። ጠጥቶ ገንዳ ውስጥ ማንቀላፋት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ሰው በአንድ ክንድ ውሃ ይሰጥማል።

ክኒንዎን እንደ ወትሮው ይዋጡ። ግፊትዎ የተስተካከለ ከሆነና ደረትዎን የሚያምዎት ነገር ከሌለ መግባት ይችላሉ። 15 ደቂቃ ይበቃዎታል። ውሃ እየጠጡ ይቆዩ። ለመውጣት ሲያስቡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ለሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ባለቤትዎን ይዘው ይነሱ። ቢራ ካማርዎት ከወጡ፣ ከበረዱና ምግብ ከቀመሱ በኋላ አንድ ብርጭቆ ይጠጡ። በዚያ ቀን ሳውና አይጨምሩበት።

እህትዎስ? ለሦስት ወር ነፍሰ ጡር አልኮል መጠጣት በጭራሽ አይፈቀድም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሙቀቱን በተመለከተ የምንፈራው የእናትየው የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱን የነርቭ አፈጣጠር ሊያውክ ይችላል። 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ 10 ደቂቃ ብትቆይ እዚያ አትደርስም። ነገር ግን ክፍሉ በእንፋሎት የታፈነ ነው፣ የእርሾው ሽታም ማቅለሽለሽ ላለባት ሴት ይከብዳል። እኔ ብሆን እናንተ ገንዳ ውስጥ ስትሆኑ እሷን ነፋሻ ቦታ ላይ አስቀምጬ እግሯን በለብታ ውሃ አስነክራት ነበር። ፈቃደኛ ከሆነች በእግሯ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይኑር፤ የማዞር ስሜት ከመጣባት ደግሞ በግራ ጎኗ ጋደም ትበል።