ዲስክ ላይ «ባዶ ቦታ» የምንለው የቱን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ያልተጠቀምንበትን የዲስክ ቦታ ፓርቲሽን ስለማድረግ፣ ማለትም ስለመከፋፈል፣ ለሰፈሩ ልጆች መመሪያ እየጻፍኩ ነው። «ባዶውን ቦታ ክፈሉ» ብዬ ስጽፍ አንዱ ልጅ «ባዶው የቱ ነው?» አለኝ። አማርኛዬ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ልጁ ልክ ነው፣ ወንድሜ። ግሱ ብዙ አያስቸግርም። «ለሁለት ክፈሉት» ያስኬዳል፤ ቁጥሩ ካልተነገረ ግን «ከፋፍሉት» ይሻላል፣ ምክንያቱም «ክፈሉ» ብቻውን ሲቆም ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ገንዘብ ነው። የሚወጣውን ክፍል «ክፋይ» በለው። «ፓርቲሽን» ብትልም ሁሉም ይገባዋል፣ አልቃወምም።

ችግሩ «ባዶ» ላይ ነው። እናንተ አካባቢ ያለውን መሬት እየው። ተሸንሽኖ ካርታ የወጣለት፣ ግን ገና ቤት ያልተሠራበት አለ። ጭራሽ ያልተሸነሸነም አለ። ለዓይን ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ባለቤት አለው። ዲስክም ላይ ክፋይ ውስጥ ሆኖ ፋይል ያልተጻፈበት ቦታ አለ፣ የትኛውም ክፋይ ውስጥ ያልገባም አለ። የመጀመሪያውን «ነፃ ቦታ»፣ ሁለተኛውን «ያልተመደበ ቦታ» በል። አንዴ ከመረጥክ አታቀያይራቸው።

ልዩነቱ ሥራው ላይ ይታያል። ዲኤፍ (df) የሚባለው ትዕዛዝ ማውንት የተደረጉትን፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር ተያይዘው ለሥራ የተከፈቱትን፣ ክፋዮች ነፃ ቦታ ነው የሚነግርህ፤ ያልተመደበውን ጨርሶ አያሳይም። እሱን ጂፓርትድ በሚባለው ዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ላይ ለብቻው ታየዋለህ። ያልተመደበው ላይ አዲስ ክፋይ ስታወጣ የቆዩት ክፋዮች ባሉበት ይቆያሉ። ከነፃ ቦታ ለመውሰድ ግን መጀመሪያ ነባሩን ክፋይ ማሳነስ ግድ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ክፋዩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ኤክስት4 የሚባለው ከሆነ ደግሞ ማውንት እንደተደረገ አይቀነስም፣ ሲስተሙ ያለበት ክፋይ ከሆነም ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ነው የሚሠራው። በሁለቱም መንገድ ባክአፕ ይቅደም።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር፤ «ፎርማት አድርጉ» ብለህ እንዳታቆም። ሱቅህ መጥቶ «ፎርማት አድርግልኝ» የሚልህ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ተጠርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ እንዲጫንለት ነው የፈለገው። አንተ ግን አዲሱ ክፋይ ላይ ፋይል ሲስተም እንዲፈጠር ነው የምትለው። አማርኛ ተሳቢውን፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበትን፣ «ይታወቃል» ብሎ መተው ይወዳል። በጨዋታ ላይ ያምራል፤ መመሪያ ላይ ግን የሰው ፎቶና ሰነድ ያጠፋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ያልተመደበውን ቦታ ለሁለት ክፈሉት፤ ከዚያ አዲሶቹን ሁለት ክፋዮች ብቻ በኤክስት4 ፎርማት አድርጉ።»