ማሰሪያ አንቀጹን ጠብቁ፦ ለወጣት አስተርጓሚዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ለጎንደር ወጣት የቋንቋ ተማሪዎች፣

ባለፈው ሰሞን ጥቂቶቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በጉባኤ ላይ ተናጋሪው ተናግሮ ሲያበቃ ተከትሎ የማስተርጎምን ሙያ እንዴት እንደምትማሩ ጠይቃችሁኝ ነበር። በቡናው መካከል የሰጠኋችሁ መልስ የተቆራረጠ ስለነበር፣ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላደርሳችሁ ቃል በገባሁት መሠረት ይህን ጽፌአለሁ። ጥያቄዎቻችሁ በአብዛኛው ስለ ማስታወሻ አያያዝ ነበሩ፤ የትኛው ምልክት ምንን ይወክላል፣ ደብተሩስ ምን ዓይነት ይሁን የሚሉ። እኔ ግን ከደብተሩ በፊት ስለ ጆሮ መናገር ይኖርብኛል፤ በሥራ ዘመኔ የፈጸምኩት ከባዱ ስህተት የመጣው ከችኩል ጆሮ ነውና።

ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ በተካሄደ የጤና ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ሐኪም በአማርኛ ሲናገሩ፣ ወደ እንግሊዝኛ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሰጥ የነበረው ሥልጠና፣ በጀቱ በመቀነሱና አሠልጣኞቹም ወደ ሌላ ሥራ በመዛወራቸው ምክንያት፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንዲቋረጥ፣ ብለው ትንፋሽ ወሰዱ። እኔ «ሥልጠናው ይቋረጣል» ብዬ ጽፌ ገጹን አዞርኩ። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም» ሲሉ ዐረፍተ ነገሩን አሰሩት። ተራዬ ሲደርስ ሥልጠናው እንደሚቋረጥ፣ ያውም በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ለጉባኤው አስታወቅሁ። ለሥልጠናው ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች እርስ በርሳቸው መተያየት ሲጀምሩ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ነርስ እጃቸውን አውጥተው ባያርሙኝ ኖሮ ስብሰባው በተሳሳተ ወሬ ላይ ሊነጋገር ነበር።

የሰዋስው መምህሮቻችን የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው የጠሩት በከንቱ አይደለም። በአማርኛ ነገሩ ሆነ ወይስ አልሆነ፣ ተደረገ ወይስ ሊደረግ ነው፣ ማን በማን ላይ አደረገው የሚለው ሁሉ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከአማርኛ የምታስተረጉሙ ከሆነ፣ ባለቤቱንና ምክንያቱን ጻፉ፤ የግሡን ቦታ ግን ማሰሪያው እስኪሰማ ድረስ ባዶ ተዉት። ማሰሪያው አፍራሽ፣ ማለትም «አልሆነም» የሚል ከሆነ፣ በላዩ ላይ ከሩቅ የሚታይ ወፍራም መስመር አስምሩበት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትሄዱ ደግሞ ግሡ ቀድሞ ይመጣና እስከ መጨረሻው ተሸክማችሁት ትጓዛላችሁ። እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ፤ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከተናጋሪው እኩል የሚያስተረጉሙት ባልደረቦቻችሁ የማያገኙትን ጊዜ፣ ማለትም ሐሳቡን ሙሉ ሰምቶ እንደገና የማዋቀርን ዕድል፣ እናንተ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ሥራው ይከናወን የነበረው በዚሁ በእኛ መንገድ ሲሆን፣ በጆሮ ማዳመጫ እኩል ማስተርጎም በስፋት የታወቀው ከ1945 ጀምሮ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ነው።

ጎንደር ላይ ላደገ ሰው የጆሮ ትምህርት ባዕድ ሊሆን አይገባም። በማኅሌት ላይ ቅኔ ሲቀርብ የቆማችሁ ታውቃላችሁ፤ ሊቃውንቱ እርሳስም ብራናም ሳይዙ፣ አንድ ጊዜ የሰሙትን ሰሙን ከወርቁ ለይተው «ይበል!» ይላሉ። ይህን የሚችሉት ቃላቱን አንድ በአንድ ስለሸመደዱ ሳይሆን ሐሳቡ የተቋጠረበትን ቦታ ስለሚያውቁ ነው። የአንድምታ መምህር ግን በአንድ ነገር ከእኛ ይለያል። እርሱ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ሊተረጉመው ይችላል፤ አስተርጓሚ ይህ መብት የለውም። የተናጋሪው ቃል ሁለት ፍች ቢይዝባችሁ፣ ሰውዬው አጠገባችሁ ነውና በአጭሩ ጠይቁት። መጠየቅን የሚያፍር አስተርጓሚ እኔን ያስፈራኛል።

ሥልጠናውን ያለ ወረቀት ጀምሩ። ጓደኛችሁ ሳያነብ፣ ከራሱ አውጥቶ ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ እናንተም በዚያው በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩት። ወደ ሌላ ቋንቋ መሻገር የሚመጣው ይህ ሲለምድ ነው። የሬድዮ ዜና ለጀማሪ አይሆንም፤ ለንባብ ታሽቶ የተጻፈ ስለሆነ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ይልቅ ፋሲል ግቢ ሄዳችሁ አንድ አስጎብኚ ስለ አንዱ ሕንጻ የሚናገረውን ከዳር ቆማችሁ አዳምጡና ውጭ ወጥታችሁ ለጓደኛችሁ ተርኩለት። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 መንገሡን፣ ታላቁ ኢያሱ ደግሞ ከ1682 እስከ 1706 መንገሡን ሳታምታቱ ከተናገራችሁ ጥሩ ጀምራችኋል።

ቁጥር ግን በጆሮ አይታመንም። ቁጥር በሰማችሁ ቅጽበት ሌላውን ትታችሁ ጻፉት፤ የምን ቁጥር እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ተናጋሪው አብዮቱ በየካቲት 1966 ፈነዳ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ወረዱ ካለ፣ ለውጭው ሰው ሁለቱም 1974 ናቸው፤ ለአንዱ ስምንት፣ ለሌላው ሰባት ዓመት ትጨምራላችሁና። «ነገ በሦስት ሰዓት እንገናኝ» የሚለውን እንዳለ አስተርጉሞ እንግዶችን ከቀትር በኋላ ያስመጣ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከላይ በሽቦ የተጠረዘች፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ ደብተር ትበቃለች፤ በገጹ አንድ ፊት ብቻ ጻፉ፤ አንዱ ሐሳብ ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር አስምሩ። በግራ በኩል ጠባብ ኅዳግ ትታችሁ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ምንም እንኳ» የሚሉትን ማያያዣዎች እዚያ አስፍሩ፤ ንግግርን ንግግር የሚያሰኙት እነርሱ ናቸውና። አስተርጓሚው ዣን ፍራንሷ ሮዛን ስለ ማስታወሻ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ ሰባት መርሆዎችንና ሃያ ምልክቶችን ብቻ አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው መርሆም ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ጻፍ የሚል ነው። ሁለት መቶ ምልክት ፈጥሮ በጉባኤው መካከል የራሱን ምልክት ማንበብ ያቃተው ተማሪ ነበረኝ። ፊደላችን እያንዳንዱ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር ስለሚይዝ፣ ከአንድ ረጅም ቃል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ።

ስትናገሩ «እርሳቸው እንዲህ አሉ» አትበሉ፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እናንተም «እኔ» በሉ። ስህተታችሁን ስታርሙ ግን «አስተርጓሚው ተሳስቷል» ብላችሁ ራሳችሁን ለዩ፤ አለበለዚያ ስህተቱ የተናጋሪው ይመስላል። ስድስት ደቂቃ የተነገረውን በአምስት ደቂቃ ጨርሱ። ዓይናችሁን ከደብተሩ ላይ አንሥታችሁ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰው እያያችሁ ጀምሩ።

በዝግ ስብሰባ ከሠራችሁ ደግሞ ማስታወሻውን ይዛችሁ አትቆዩ። እኔ ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ስወጣ ገጾቹን እዚያው ቀዳድጄ እጥላቸው ነበር፤ አንዳንዴም ወደ ቤት ያመጣኋቸውን ባለቤቴ ለቡናው ከሰል ማቀጣጠያ ታደርጋቸው ነበር።